ባለሞላ፣ ባለሾክ፣ ባለካፕሱል ወይስ ባለታንክ? የአየር ጠመንጃ ምርጫ ለደጋ ሰው

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ጎረቤቴ የአዲሱን የአየር ጠመንጃውን ታንክ ፈታ። በፌስታል ጠቀለለው። ከዚያ ሱሉልታ አስፋልት ዳር ያለ ጎሚስታ ቤት ይዞት ሄደ። «አየር ይሞላል» ተብሏላ! ጎሚስታው ልጅ ታንኩን አገላብጦ አየው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጌጅ አነበበ። አረንጓዴው መስመር የሚያልቀው 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ ነው። የልጁ ኮምፕሬሰር ቢጨነቅ ቢጨነቅ 10 ባር ይሰጣል። «ጋሼ፣ ይሄ የምን ጎማ ነው?» አለው።

ጎረቤቴ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል። ያን ቀን ግን አልሳቀም። ጠመንጃው ሁለት ወር ያህል ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከረመ። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም። ሲገዛ የጠየቀው «ስንት ሜትር ይመታል?» ብሎ ነው። «አየሩን ከየት አመጣለሁ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኔም ከእሱ የተሻልኩ አይደለሁም። የመጀመሪያዬን የገዛሁት ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቼ ነው። ግቢዬ ከቤቱ ጀርባ 25 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ መጨረሻው የአፈር ቁልል ነው። እዚያ ቅዳሜና እሁድ ኢላማ እተኩሳለሁ። ባለፉት ዓመታት የራሴን ሁለት፣ የጎረቤቴን አንድ፣ በበዓል ባዛር ኢላማ የሚያስተኩሱ አንድ ጋሼን ጠመንጃ፣ የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ባለካፕሱል ሞክሬያለሁ። ከታች ያለው የዚያ ውጤት ነው። የምርት ስም አልጠራም። እዚህ ገበያ ላይ ዛሬ ያለው ስም ነገ አይገኝም፤ የአሠራሩ ዓይነት ግን አይለወጥም።

ከብሩ በፊት ፈቃዱ

ይህን አሳጥሬ ልለፈው። የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። «በአየር ነው የሚሠራው፣ መጫወቻ ነው» የሚል መልስ ኬላ ላይ አያዋጣም። ከመግዛታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ፖሊስ ቀርባችሁ ጠይቁ። የምትፈልጉት ዕቃ ከየትኛው ምድብ እንደሚገባ በወረቀት ይሰጣችሁ። የማነጣጠሪያ መነጽር (ቴሌስኮፕ) ለማስገጠም ካሰባችሁ ስለ እሱም ለብቻው ጠይቁ። ፈቃድ ካልተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ሌላው የጎረቤት ጉዳይ ነው። እኛ አካባቢ «ጧ» የሚል ድምፅ ማንንም አያስቅም። እኔ የተኩስ ሰዓቴን ለግራና ለቀኝ ጎረቤቶቼ ነግሬያለሁ። ጠመንጃውን ሳይሸፍን ከግቢ ይዞ የሚወጣ ሰው ደግሞ ችግር እየጠራ ነው። ይህ ጽሑፍ ለወረቀት ኢላማ ነው። ወፍና ሚዳቋ የሚያስብ ሰው ሌላ ሕግና ሌላ ፈቃድ ይጠብቀዋል።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ የማንመዝንበትን እንጣል፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት።

«380 ሜትር በሰከንድ» የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእርሳስ በጣም በሚቀል የቅይጥ ብረት ጥይት ነው። ማንም ለኢላማ በዚያ አይተኩስም። ደግሞ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ጥይቷ ወደዚያ ፍጥነት ስትጠጋ ትናወጣለች፤ ኢላማውንም ትስታለች። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር አለ። ከ1984 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ጨዋታ ጀምሮ ይካሄዳል። የእነሱ ጥይት በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የምትሄደው። ሙሉ አሥር የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ፍጥነት ጥራት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ቀድመው ይገዙት ነበር።

እኔ የምመዝንባቸው ስድስት ናቸው፦

- ኃይሉን ከየት ይሞላል? ሞላ፣ ካፕሱል ወይስ ፓምፕ?
- ሲበላሽ እዚህ ከተማ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ?
- ከፍታችንና ብርዳችን ምን ያደርጉታል?
- አምስት ጥይት አንድ ቦታ ያሳርፋል?
- ጥይቱ ይገኛል? አፉ መራጭ ነው?
- ጀማሪ ያስተምራል ወይስ ያማርራል?

ከፍታውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጠመንጃዎቹ የሚለኩት ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ሱሉልታ፣ እንጦጦ፣ ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየር ጨምቆ የሚተኩስ ዕቃ ገዝታችሁ ሩብ ያህሉ አየር የለም እንደ ማለት ነው። ጥቅምም አለው። ጥይቷን የሚጎትታት አየር ስስ ስለሆነ ከወጣች በኋላ ፍጥነቷን ቶሎ አታጣም፤ በነፋስም ከቆላው ያነሰ ትገፋለች። ስለዚህ አራቱ ዓይነቶች እዚህ ያላቸው ደረጃ ካታሎጉ ላይ ካለው ይለያል።

ባለሞላ

ቱቦውን (በርሜሉን) ማጠፊያው ላይ ወደ ታች ታጥፉታላችሁ፤ «መስበር» የሚባለው ይሄ ነው። ውስጥ ያለው ጠንካራ ሞላ ይወጠራል። ጥይት ትከታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይወረውራል፤ ፒስተኑ ፊቱ ያለውን አየር ጨምቆ ጥይቷን ያስወጣል። በቃ። ባትሪ የለ፣ ጋዝ የለ፣ ፓምፕ የለ።

ይህ ቀላልነቱ ነው እኔን የያዘኝ። መብራት ጠፋ አልጠፋ፣ ዶላር ጨመረ ቀነሰ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይተኮሳል።

ችግሩ ሁለት ጊዜ መምታቱ ነው። ሞላው ሲለቀቅ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ወደ ፊት ይዘላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥይቷ ገና ቱቦ ውስጥ እያለች ነው። ስለዚህ አያያዛችሁ በትንሹ ከተለወጠ ጥይቷ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። እኔ መጀመሪያ እንደ ወታደር ትከሻዬ ላይ አጥብቄ ነበር የምይዘው። በ10 ሜትር አምስት ጥይቶቼ የቡና ስኒ አፍ ያህል ይበተኑ ነበር። ያን ጊዜ ነው ባዛር ላይ ያገኘኋቸው ጋሼ ያረሙኝ። «ልጄ፣ አትነቀው! እንደ ሕፃን አሳርፈው። ይዝለል፣ ተወው» አሉኝ። ግራ መዳፌን ዘርግቼ ጠመንጃውን አሳረፍኩበት፤ ጣቶቼን አልጨበጥኩም። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስነካሁት እንጂ አልተጫንኩትም። በዚያው ከሰዓት ጥይቶቼ ሃምሳ ሳንቲም ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። አንዲት ቪቴ እንኳ አልተነካችም።

ከፍታ ባለሞላን ይጎዳዋል። የሚጨመቀው አየር ስለሚያንስ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ አየሩ ለፒስተኑ እንደ ትራስ ነው፤ ትራሱ ሲሳሳ ፒስተኑ ጫፉን በኃይል ይመታዋል። በጣም ኃይለኛ የሚባለውን ባለሞላ እዚህ ማምጣት ትርፉ መንቀጥቀጥ የሆነው ለዚህ ነው። መካከለኛው ይሻላል። ያለ ጥይት መተኮስ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ጥይት ከሌለ ፒስተኑን የሚያቆመው ነገር የለም። ወዳጅ ዘመድ «እስኪ ልየው» ብሎ ሲያነሳ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ አቀባብሎ ምላጩን የሚስበው ሁሌም እንግዳ ነው።

ስለ ዘይት የራሴን ጥፋት ልናገር። ምላጩ ሲጮህብኝ የሲንጀር ዘይት በጥይት መግቢያው በኩል ጠብ ጠብ አደረግኩ። ቀጣዩ ተኩስ እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ጮኸ። ከአፈሙዙ ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ሽታ ግቢውን ሞላው። ውስጥ ያለው አየር ሲጨመቅ በጣም ይግላል፤ ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ተቀጣጠለ ማለት ነው። ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከሃምሳ ተኩስ በኋላ የፒስተኑ ጎሚኒ ተቃጥሎ ጠመንጃው መንፋት ብቻ ጀመረ። የድሮ ጠመንጃዎች ጎሚኒያቸው ቆዳ ስለሆነ ትንሽ ዘይት ይወዳሉ፤ የጋሼ ጠመንጃ እንዲያ ነው። የአሁኖቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ አይወዱም።

ጥገናው ግን ያስመሰግነዋል። ሞላው ውስጥ የሚገባውን መሪ ዘንግ አንድ ደህና የቶርኖ ባለሙያ በናሙና ይሠራላችኋል። ጎሚኒውን ከውጭ ማስመጣት ይሻላል፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነ አያስቸግርም። ሞላውን ግን ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። ተጨንቆ የተቀመጠ ነው፤ ሲያመልጥ ጥርስ ያወልቃል።

ጥይት ስትከቱ የተሰበረውን ቱቦ በሌላው እጃችሁ ያዙ። ምላጩ ካመለጠ ቱቦው እንደ በር ይዘጋል፤ ጣት መሐል ላይ ካለ ይቆርጣል።

ባለሾክ

ይህ ያው ባለሞላ ነው፤ በብረቱ ሞላ ፈንታ የታመቀ ናይትሮጅን ያለበት ዘንግ አለው። የመኪና የኋላ በር ይዞ የሚያቆመውን ሾክ አስቡ። ለስለስ ያለ ነው፤ ከተኮሰ በኋላ እንደ ሞላ አይንዘፈዘፍም። ተቀባብሎ ትንሽ ቢቆይ አይደክምም። ብርድም ብዙ አይበግረውም።

አንድ ጉድለት አለው፤ እሱም ለእኛ ትልቅ ነው። ጋዙ ካፈሰሰ አይሞላም፣ አይጠገንም። ሙሉ ዘንጉ ይቀየራል። ዘንጉ ደግሞ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው። የእኔ ሁለተኛው ጠመንጃ ባለሾክ ነበር። ሦስት ዓመት ያለ ምንም ስሞታ ሠራ፤ ከዚያ አንድ ቀን ሲቀባበል እንደ ጃንጥላ ቀለለኝ። አልቋል። መለዋወጫ ዘንግ እስኪመጣ ሰባት ወር ጠበቅኩ። የምትገዙ ከሆነ ዘንጉን አብራችሁ እዘዙ።

ባለካፕሱል

12 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለባት ትንሽ የብረት ካፕሱል ትገባለች። ከ30 እስከ 60 ተኩስ ትሰጣለች። መወጠር የለም፣ መዝለል የለም፣ ለልጅ እጅ እንኳ ቀላል ነው። ባልደረባዬ ገላን ባለው ግቢው ውስጥ ሲተኩስ ላየው ሰው ከሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው።

ጠላቱ ብርድ ነው። ጋዙ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ያህል ይገፋል። በ5 ዲግሪ ወደ 40 ይወርዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ባለበት ሰዓት ባልደረባዬ ሱሉልታ አምጥቶት ነበር። የመጀመሪያው ጥይት ካለመበት በታች ወደቀ፤ አሥረኛው ጭራሽ ካርቶኑን አልበሳም። ቶሎ ቶሎ ሲተኩስ ደግሞ ጋዙ ራሱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። «ከሰሉ ዳር ላሙቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም! ካፕሱል እሳት ዳር ከተቀመጠ ይፈነዳል። ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት፣ በተኩስ መሐል ፋታ ስጡት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከወጣች ደህና ነው።

ሌላው ወጪው ነው። እያንዳንዱ ሃምሳ ተኩስ አንድ ካፕሱል ይበላል፤ ካፕሱሉም ከውጭ የሚገባ ነው። የታመቀ ጋዝ ስለሆነ አየር መንገዶች እንደ ልብ አያስጭኑትም። ዘመድ ሲመጣ «አንድ ካርቶን ያዝልኝ» የሚባል ነገር አይደለም። ባልደረባዬ ካፕሱል ያለቀበት ጊዜ ካለበት ጊዜ ይበልጣል።

ባለታንክ

ጎሚስታ ቤት የሄደው ይሄ ነው። ብዙዎች «ፒሲፒ» ይሉታል። ታንኩ 200 ባር፣ አንዳንዱ 250 ባር አየር ይይዛል። እያንዳንዱ ተኩስ ከዚያ ትንሽ ይቆነጥራል። የሚዘል ፒስተን የለውም። ምላጩ ሲሳብ ጠመንጃው ዝም ይላል። ለጥራት ከአራቱ አንደኛ ነው፤ ክርክር የለውም። የጎረቤቴን በ25 ሜትር ተኩሼ አምስቱን ጥይት በአውራ ጣት ጥፍር መሸፈን ችያለሁ። በእኔ ባለሞላ ያን ለማግኘት ርቀቱን ከግማሽ በላይ መቀነስ አለብኝ።

ከፍታ የታንኩን ግፊት አይነካውም፤ አንዴ የገባ አየር ገብቷል። ማስገባቱ ላይ ነው ላቡ። የእጅ ፓምፑ በእያንዳንዱ ግፊያ የሚስበው የእኛን ስስ አየር ነው። በባሕር ዳርቻ 100 ግፊያ የሚፈልግ ታንክ እዚህ 135 ገደማ ይፈልጋል። የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ሙሉ ሰውነት ይጠይቃሉ። ጎረቤቴ አሁን ፓምፕ አለው። ሃምሳ ይገፋል፣ ፓምፑ እንዲቀዘቅዝ ቡና ይጠጣል፣ ሃምሳ ይደግማል። በመኪና ባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰሮችም አሉ፤ መብራት ሲጠፋም አይቆሙም። ግን ዋጋቸው ከአንዳንድ ጠመንጃ ይበልጣል።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነገር። ብየዳ ቤት ያለው ሲሊንደር 150 ወይም 200 ባር ያሳያል። «ከእሱ ብንሞላውስ?» የሚል ብልህ አይጠፋም። ኦክስጅን ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል፤ ጠመንጃው ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። የሚገባው ደረቅ ተራ አየር ብቻ ነው። ኦሪንጎቹም (አየር እንዳያመልጥ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) በሲሊኮን ቅባት እንጂ በግራሶ አይታሹም።

ኦሪንግ ላይ ከደረስን፦ ባለታንክ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስሰው አንዲት ኦሪንግ ናት። አሮጌዋን ይዛችሁ የሃይድሮሊክ ዕቃ መሸጫ ብትሄዱ ልኳን ልታገኙ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ክረምት ላይ ደግሞ ፓምፑ አየሩን ከነእርጥበቱ ያስገባል፤ የፓምፑን ማድረቂያ ፍሬ ካልቀየራችሁ ታንኩ ከውስጥ ይዝጋል።

በነጠላ ጥይት እየተነፋ የሚተኮስ ባለፓምፕ የሚባልም አለ። ርካሽ ነው፣ አስተማማኝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ጥይት ከሦስት እስከ አሥር ጊዜ መንፋት ነው። ክንዳችሁ ሲደክም ዓይናችሁም ይንቀጠቀጣል። ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም።

| መመዘኛ | ባለሞላ | ባለሾክ | ባለካፕሱል | ባለታንክ |
|---|---|---|---|---|
| መነሻ ዋጋ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ፤ ፓምፑ ለብቻ |
| ቋሚ ወጪ | ጥይት ብቻ | ጥይት ብቻ | ጥይትና ካፕሱል | ጥይት፣ ኦሪንግ፣ ላብ |
| ከፍታ | ኃይል ይቀንሳል፣ ምቱ ይከብዳል | ያው ነው | ብዙም አይነካውም | መሙላቱ ይረዝማል |
| የማለዳ ብርድ | ችግር የለም | ችግር የለም | በጣም ይጎዳዋል | ጥቂት |
| ጥገና እዚህ | ይቻላል | ዘንጉ ከውጭ | ከባድ | ኦሪንግ ከሆነ ይቻላል |
| ጥራት | በአያያዝ ይወሰናል | በአያያዝ ይወሰናል | መካከለኛ፣ በሙቀት | በጣም ጥሩ |
| ለጀማሪ | ይፈትናል፣ ያስተምራል | ያው | ቀላል | ቀላል፣ ግን ውድ |

ጥይቱ

ሰው ለጠመንጃው ወር ሙሉ ይደራደራል፤ ጥይት ሲገዛ ግን «ያለውን ስጠኝ» ይላል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። የጥራቱ ግማሽ እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።

መለኪያው ሁለት ነው የሚበዛው፦ 4.5 እና 5.5 ሚሊሜትር። ለኢላማ 4.5 ይበቃል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የኦሎምፒኩም እሱ ነው። 5.5 ከባድ ስለሆነ ኃይል ይፈልጋል፤ ከፍታ ኃይሉን የነጠቀው መካከለኛ ባለሞላ ላይ ጥይቱ ሲወድቅ በዓይን ይታያል።

ቅርጹ ላይ ደግሞ ራሰ ጠፍጣፋው ወረቀት ላይ በወረቀት መብሻ የተበሳ የሚመስል ንጹህ ቀዳዳ ያወጣል። ለ10 ሜትር የሚስተካከለው የለም። 25 ሜትር ሲያልፍ ይንገዳገዳል። ራሰ ክቡ (ጉልላት የመሰለው) ለሁሉም ርቀት ይሆናል። ራሰ ሹሉ ሲያዩት ያስፈራል፣ ሲተኩሱት ያናድዳል። ሹል ጫፉን ሁሉንም እኩል አድርጎ ማውጣት ከባድ ነው፤ አንዱ በትንሹ ከተጣመመ ሁሉም ወደየራሱ ይሄዳል።

አንድ እሁድ አራት ቆርቆሮ ይዤ ተቀመጥኩ። ጠመንጃውን የጤፍ ከረጢት ላይ አሳረፍኩ። ከረጢቱ ላይ ያረፈው የእኔ መዳፍ ነው፤ ጠመንጃው መዳፌ ላይ ነው። 10 ሜትር፣ አምስት አምስት ጥይት፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። ከባድ ራሰ ክብ በአማካይ 16 ሚሊሜትር ላይ ሰበሰበ። ቀላሉ ራሰ ክብ 9። ጠፍጣፋው 11። ሹሉ 31! አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት። በሌላ ሰው ጠመንጃ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል። እያንዳንዱ ቱቦ የራሱ ምርጫ አለው፤ ምርጫውን የሚነግራችሁ ወረቀቱ ብቻ ነው።

አለካኩ፦ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጪ ጠርዝ እስከ ውጪ ጠርዝ ለኩ፣ ከዚያ 4.5 ቀንሱ።

ጥይቶቹን ከቆርቆሮው ስታወጡ ቀሚሳቸውን እዩ፤ ኋላ ያለውን ስስ ጠርዝ ማለቴ ነው። በመንገድ ላይ ተጋጭቶ የታጠፈውን ወደ ጎን አስቀምጡ፤ «ያ ጥይት ለምን ሳተ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እሱ ነው። ክብ የብረት ኳሶቹን ለጥምዝ ቱቦ (ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ላለው) አትጠቀሙ። ጥምዙን ይልሱታል፤ ድንጋይ ነክተው ወደ ተኳሹ ይመለሳሉም። እኔ በኮብልስቶን ግድግዳ አጠገብ አልተኩስም፤ ኢላማዬ ጀርባ አፈር፣ ከፊቱ አሮጌ ጨርቅ የታጨቀበት የእንጨት ሳጥን አለ። የዓይን መከላከያ መነጽር ሁሌም ይደረጋል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ የለም። ጥይት አፍ ውስጥ ይዞ መተኮስ የለመደ ሰው አውቃለሁ፤ ተዉት።

ማሻሻያው በምን ቅደም ተከተል?

መጀመሪያ ካቻቪቴ። ባለሞላ በመቶ ተኩስ ውስጥ ቪቴዎቹን ያላላል። የሰደፉን ቪቴዎች ማጥበቅ ነፃ ነው፤ ጥራቱ የወደቀ ጠመንጃ ግማሽ ጊዜ በዚህ ይድናል። ቀጥሎ ቱቦውን ማጽዳት፦ ቀጭን ናይለን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ንጹህ ጨርቅ፣ ከጥይት መግቢያው ወደ አፈሙዙ መሳብ። የብረት ብሩሽ አያስፈልግም።

ከዚያ ምላጩ። ብዙዎቹ ማስተካከያ ቪቴ አላቸው። ሩብ ዙር እየዞሩ መሞከር ነው፤ በጣም ከቀለለ ሲነካካ ይተኩሳል። የምላጩን ሞላ በፒንሳ አሳጥሮ «አሻሻልኩ» የሚል ሰው አጠገብ አልቆምም።

መነጽር የመጨረሻው ነው፤ ሁሉም ግን መጀመሪያ ይገዛዋል። እኔም። ያ ሁለት ጊዜ የሚመታው ባለሞላ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ይሰብራል። እነዚያ ወደ ኋላ ብቻ የሚገፋውን ምት እንጂ ወደ ፊት የሚዘለውን አያውቁትም። የእኔ በሦስተኛው ሳምንት ውስጡ ያለው መስቀል ተጣመመ፤ ሳናጋው ይንኳኳ ነበር። ለአየር ጠመንጃ የሚሆነው ተለይቶ ይሸጣል። ሲገዙ እስከ 10 ሜትር ቅርብ ድረስ ጥርት አድርጎ ማሳየት መቻሉን እዩ። የአደን መነጽሮች 90 ሜትር አካባቢ ላይ የተስተካከሉ ናቸው፤ በ10 ሜትር ያደበዝዛሉ። ማሰሪያው ለ11 ሚሊሜትር ሐዲድ መሆኑን፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ማቆሚያ መኖሩንም አረጋግጡ። ለባለታንክ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ ማንኛውም በቅርብ የሚያይ መነጽር ይችለዋል።

«ኃይል ይጨምራል» የሚባለውን ጠንካራ ሞላ አልመክርም። በእኛ ከፍታ የሚጨምረው ምቱን ነው።

ለማን የትኛው?

ብር አጠር ላለውና ለብቻው ለሚማር፦ መካከለኛ ኃይል ያለው 4.5 ባለሞላ፣ በራሱ ማነጣጠሪያ፣ ያለ መነጽር። የተረፈውን ብር ለሦስት ዓይነት ጥይት። ስድስት ወር ከዚህ ጋር የቆየ ሰው ማንኛውንም ጠመንጃ ይተኩሳል።

ልጆቹን አጠገቡ ቆሞ ማስተማር ለሚፈልግ፣ በተለይ ደብረ ዘይትና ዱከም አካባቢ ሞቅ ባለ ቦታ ለሚኖር፦ ባለካፕሱል፣ ካፕሱሉን የሚያመጣ አስተማማኝ ነጋዴ ካገኘ። ሱሉልታና እንጦጦ ላለ ሰው አልመርጠውም።

መወጠር የሚከብደው ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ባለታንክን ያስባል፤ ፓምፑ ግን ከመወጠር ይብሳል። ወይ ኮምፕሬሰሩን አብሮ ይግዛ፣ ወይ የሚገፋለት ጎረምሳ ቤት ውስጥ ይኑር።

ለውድድር የሚያስብና ኪሱ የሚፈቅድለት፦ ባለታንክ፣ ከነፓምፑ፣ ከነኦሪንግ ስብስቡ በአንድ ጊዜ። ፓምፑን «በኋላ እገዛለሁ» ካላችሁ የጎረቤቴ ሁለት ወር ይጠብቃችኋል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፦ ምንም። ኮሪደርና በረንዳ የተኩስ ቦታ አይደሉም።

ያገለገለ ለሚገዛ ደግሞ ጥቂት ነገር። ባለሞላ ከሆነ ስበሩትና ቱቦውን ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ ማጠፊያው ላይ ጨዋታ ካለው ጥይቱ ቦታ አይዝም። ጥይት መግቢያውን አሽትቱ፤ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ ጎሚኒው ሄዷል። ባለሾክ ከሆነ ሲቀባበል ክብደቱን እዩ፤ ከቀለለ አትግዙ። ባለታንክ ከሆነ ሞልቶ ማታ ጌጁን ፎቶ ያንሳላችሁ፣ ጠዋት ደግሞ አብራችሁ እዩት፤ መርፌው ከወረደ ያፈስሳል። ታንኩ ላይ የተመታ ወይም የተጎደጎደ ቦታ ካለ በነፃም አትቀበሉ። የፈቃድ ዝውውሩ ሳያልቅ ብር አይከፈል። ሻጩ የሚተኩስበትን የጥይት ቆርቆሮ ደግሞ አብሮ እንዲሰጣችሁ ለምኑት። ያ ቱቦ የትኛውን እንደሚወድ ዓመታት ፈጅቶ ያወቀው እሱ ነው።